በጥቂት መስመር የሚጠራው ምስጠራ፦ ከአይሲቲ ፓርክ ሰርቨሮች እስከ ኮንዶሚኒየም ዕጣ

ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ በ2013 ዓ.ም. የአዲስ አበባ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ የተቋቋመው ለሚ ኩራ ከኮምፒዩተር ሥራ ጋር በሁለት በኩል ይገናኛል። በጎሮ አቅጣጫ ባለው የአይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ዊንጉ አፍሪካ፣ ራክሲዮና ሬድፎክስ ያሉ ኩባንያዎች ዳታ ሴንተር ገንብተው የደንበኞቻቸውን ሰርቨሮች ያስተናግዳሉ፤ በሰሚት፣ በአያትና በቦሌ አራብሳ ደግሞ ባለቤቶቻቸውን በዕጣ ያገኙ የኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች ተዘርግተዋል። ዳታ ሴንተርና ኮንዶሚኒየም እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ቢመስሉም፣ ኮምፒዩተር የተቀበለውና የሰጠው መረጃ በመንገድ ላይ ማንም ሳይነካካው መድረሱ በምን ይታወቃል የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ደጃፍ ይቆማል። ለዚህ ጥያቄ የዘመኑ መልስ ክሪፕቶግራፊ ወይም የምስጠራ ጥበብ ሲሆን፣ መልሱ በተግባር የሚሰጠው ግን የአዲስ አበባ ፕሮግራመሮች በየዕለቱ በሚጽፉት ኮድ ውስጥ አይደለም፤ ያ ኮድ ከሥሩ በሚጠራው፣ በሌላ ቋንቋ በተጻፈና እጅግ ፈጣን በሆነ ሌላ ኮድ ውስጥ ነው።

ክሪፕቶግራፊ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጽሑፍን ለሌላ ሰው እንዳይነበብ አድርጎ መሰወርን ብቻ ነው። ይህ እውነት ቢሆንም የዛሬው ሥራው ከዚያ ይሰፋል፤ መልእክቱን የላከው በእርግጥ ላኪ ነኝ ያለው አካል መሆኑን በዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል፣ እንዲሁም ሃሽ በሚባለው ስሌት የማንኛውንም ፋይል አሻራ ያወጣል። ሃሽ ማለት የፋይሉ ርዝመት ምንም ያህል ቢሆን ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መጠን ያለው፣ ከፋይሉ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ግን ፈጽሞ የሚለያይ ቁጥር የሚሰጥ ስሌት ነው፤ በስፋት የሚሠራበት ሻ-256 ውጤቱን በ32 ባይት፣ በጽሑፍ ሲገለጥ ደግሞ በ64 ምልክቶች ያስቀምጣል።

የድርጅቶችን ድረ ገጽ፣ የክፍያ ማስተናገጃንና የቢሮ ሥራ ማቀላጠፊያን የሚሠሩ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ፒኤችፒን፣ ፓይተንንና ጃቫስክሪፕትን በመሳሰሉ የስክሪፕት ቋንቋዎች ነው። እነዚህ ቋንቋዎች ለመማርም ሆነ ለማረም የቀለሉ ናቸው፤ ቅለታቸው ግን ዋጋ አለው። በሲ ወይም በረስት ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ከመሠራቱ በፊት ኮምፓይለር በተባለ መሣሪያ አማካይነት ፕሮሰሰሩ በቀጥታ ወደሚረዳው የማሽን ትእዛዝ ይለወጣል፤ በስክሪፕት ቋንቋ የተጻፈው ግን በሥራ ላይ እያለ ኢንተርፕሪተር የሚባል ሌላ ፕሮግራም እየተረጎመ ያስፈጽመዋል። በፓይተን ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ኢንተርፕሪተሩ የእያንዳንዳቸውን ዓይነት ይመረምራል፣ ለውጤቱ በማህደረ ትውስታ ላይ ቦታ ያዘጋጃል፣ ያንን ቦታ ማን እየተጠቀመበት እንደሆነ ይመዘግባል፤ በሲ የተጻፈው ፕሮግራም ይህንኑ ድምር በአንዲት የፕሮሰሰር ትእዛዝ ይጨርሰዋል። የደመወዝ ዝርዝር ለሚያዘጋጅ ፕሮግራም ይህ ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጠርም፤ ምስጠራ ግን ሌላ ነው።

የምስጠራን የሥራ ብዛት ለመረዳት ኤኢኤስን መመልከት ይበቃል። ኤኢኤስ ዮአን ዳሜንና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት የቤልጂግ ሊቃውንት የቀየሱትና በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2001 ደረጃ ሆኖ የጸደቀ የምስጠራ ስልት ነው። መረጃውን 16 ባይት በያዙ ክፍሎች ይከፋፍልና፣ በአጭሩ ቁልፍ ማለትም ባለ 128 ቢቱ ሲሠራ እያንዳንዱን ክፍል 10 ዙር ያመላልሰዋል፤ በየዙሩም እያንዳንዱ ባይት በሌላ ባይት ይተካል። አንድ ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶግራፍ 65,536 እንዲህ ያሉ ክፍሎች ስላሉት፣ የባይት መተካቱ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይደጋገማል፤ የረድፍ ማዛወሩ፣ የዓምድ ማደባለቁና የቁልፍ መጨመሩ ገና አልተቆጠረም። ይህ ሁሉ በንጹህ ፓይተን ቢጻፍ በሰከንድ አንድ ሜጋባይት እንኳ ማመስጠር ያቅተዋል፤ በማሽን ትእዛዝ የተዘጋጀው ግን በአንድ የፕሮሰሰር እምብርት ብቻ በሰከንድ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ያስኬዳል። ለዚህ ፍጥነት ኮምፓይለሩ ብቻ ምክንያት አይደለም፤ ኢንቴል ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ የኤኢኤስን ዙር በሃርድዌር የሚፈጽሙ ልዩ ትእዛዞች አስገብቷል፣ ሌሎች አምራቾችም ተከትለውታል፤ የስክሪፕት ቋንቋ ደግሞ እነዚህን ትእዛዞች በራሱ ሊጠራቸው አይችልም።

መፍትሔው ሥራውን መከፋፈል ነው። ፕሮግራመሩ የሥራውን ሐሳብና ቅደም ተከተል በስክሪፕት ቋንቋው ይጽፋል፤ ከባዱን ስሌት ግን በሲ፣ በአሴምብሊ ወይም በረስት ተጽፎ ኮምፓይል ለሆነ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ ለሚገለገሉበት የተዘጋጀ ኮድ፣ ያስረክባል። ጤፉን አዘጋጅቶ ወደ ኤሌክትሪክ ወፍጮ የሚወስድ ሰው ስለ ሞተሩ አሠራር ሳይጨነቅ ዱቄቱን እንደሚቀበል፣ የስክሪፕቱ ጸሐፊም መረጃውንና ቁልፉን ሰጥቶ የተመሰጠረውን ይቀበላል። ከእነዚህ ላይብረሪዎች እጅግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራው የተጀመረው ኦፕንኤስኤስኤል ነው፤ ኖድ የተባለው የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ በውስጡ ይዞት ይጓዛል፣ ፓይተንና ፒኤችፒም አብዛኛውን የምስጠራ ሥራቸውን ለእርሱ ይጥላሉ። ዳንኤል በርንስታይን፣ ታንያ ላንገና ፒተር ሽዋበ ያዘጋጁት ናክል የተባለው ላይብረሪ በበኩሉ ለፕሮግራመሩ የምርጫ ጋጋታ ከማቅረብ ይልቅ ጥቂት የተመረጡ ስልቶችን ብቻ በማቅረቡ አዲስ መንገድ ከፈተ፤ ፍራንክ ዴኒ ይህንኑ በ2013 ለማንኛውም ኮምፒዩተር እንዲስማማ አድርጎ ሊብሶዲየም ብሎ አወጣው፣ ፒኤችፒም በኅዳር 2017 ባወጣው 7.2 እትሙ የቋንቋው መደበኛ ክፍል አደረገው (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በስክሪፕቱና በላይብረሪው መካከል ያለው ድንበር ግን ያለ ቀረጥ የሚታለፍ አይደለም። እያንዳንዱ ጥሪ መረጃውን ከስክሪፕቱ ዓለም ወደ ማሽኑ ዓለም ለማሻገር ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ አንድን ትልቅ ፋይል ባይት በባይት እየቆራረጠ ሚሊዮን ጊዜ የሚጠራ ፕሮግራም፣ ላይብረሪው ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ጊዜውን በመመላለስ ይጨርሰዋል፤ ፋይሉን በትላልቅ ክፍሎች የሚያቀብለው ግን የፍጥነቱ ተጠቃሚ ይሆናል። ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላም ነገር አለ። ፓይተን በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ የሥራ መስመር እንዳይሄድ የሚያደርግ መቆለፊያ በውስጡ ቢኖረውም፣ የሃሽ ስሌቱ ከሁለት ሺህ ባይት ገደማ በላይ በሆነ መረጃ ላይ ሲሆን መቆለፊያውን ስለሚለቀው ሌሎች ሥራዎች ጎን ለጎን ይቀጥላሉ። በኖድ በኩል ደግሞ የይለፍ ቃል ስሌትን በሚያስጠብቀው መንገድ የጠራ ፕሮግራመር ስሌቱ እስኪያልቅ ድረስ ሌሎቹን ደንበኞች በሙሉ ያቆማቸዋል፤ በማያስጠብቀው መንገድ የጠራው ግን ሥራውን ለጎን ሠራተኞች አስረክቦ ማስተናገዱን ይቀጥላል። ሰርቨሩ ተጨናነቀ ተብሎ ተጨማሪ ማሽን ከመከራየት በፊት ይህን ማየት ሳይሻል አይቀርም።

ፍጥነት ብቻውን ግን ምስጠራን በራስ እጅ ላለመጻፍ በቂ ምክንያት አይደለም፤ የበለጠው ምክንያት ስሌቱ የሚወስደው ጊዜ ራሱ ምስጢር የሚያወጣ መሆኑ ነው። ፖል ኮቸር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳየው፣ ስሌቱ በቁልፉ ይዘት ምክንያት አንዴ ሲፈጥን አንዴ ሲዘገይ ጊዜውን በጥንቃቄ የሚለካ አጥቂ ቁልፉን ቀስ በቀስ ሊያወጣው ይችላል። በስክሪፕት ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው አንድ ስሌት ምንጊዜም እኩል ጊዜ እንዲወስድ ማድረግ ከአቅሙ በላይ ነው፤ ቋንቋው በመካከል ማህደረ ትውስታ ሲያጸዳ፣ ቁጥሩ ሲተልቅ መንገዱን ሲቀይር ጸሐፊው አያዝበትም። በተጨማሪም ፓይተን አንድ ጊዜ የተፈጠረን የባይት ሰንሰለት እንዲለወጥ ስለማይፈቅድ፣ ቁልፉ ከአገልግሎት በኋላ ከማህደረ ትውስታ እንዲደመሰስ ማድረግ አይቻልም፤ ሊብሶዲየም ግን ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የመደምሰሻ ትእዛዝ አለው። ሁለት ፊርማዎችን ማወዳደር እንኳ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ተራው የማወዳደሪያ ምልክት መጀመሪያ በተለያየው ባይት ላይ ሲደርስ ስለሚያቆም የጊዜው ርዝመት ስንት ባይት እንደተገጣጠመ ይናገራል፣ ፒኤችፒም ፓይተንም ኖድም ይህን የሚያስቀር የራሳቸው ማወዳደሪያ ያቀርባሉ።

ይህ ሁሉ በአዲስ አበባ ምን ቦታ እንዳለው የሚታየው በክፍያና በመታወቂያ ሥራ ላይ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር፣ ነጋዴዎች ከድረ ገጻቸው የክፍያ ጥያቄ ሲልኩ ጥያቄው አርኤስኤ በተባለውና በ1977 (እ.ኤ.አ.) በተቀየሰው የይፋዊና የግል ቁልፍ ስልት እንዲፈረም ያደርጋል፤ የግል ቁልፉን የያዘው ይፈርማል፣ ይፋዊውን ቁልፍ ያገኘ ሁሉ ፊርማውን ያረጋግጣል። የክፍያ አስተላላፊው ቻፓ በበኩሉ ክፍያ መፈጸሙን ለነጋዴው ሰርቨር ሲያሳውቅ፣ ሁለቱ ወገኖች ብቻ በሚያውቁት ቁልፍና በሻ-256 የተሠራ ኤችማክ የሚባል ማረጋገጫ ከማሳወቂያው ጋር ያያይዛል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ግዴታ የሆነው የዲጂታል መታወቂያ ፋይዳም፣ የደንበኛውን ማንነት በበይነመረብ ማረጋገጥ የሚፈልገው ተቋም በግል ቁልፉ ፈርሞ እንዲጠይቅ፣ መልሱም ተፈርሞ እንዲመጣለት በሚያደርግ ሥርዓት ላይ ቆሟል። ከእነዚህ ጋር የሚያገናኘው ኮድ በፒኤችፒ ወይም በፓይተን ሲጻፍ የፊርማው ክፍል ከአሥር መስመር እምብዛም አይበልጥም፤ ከሥሩ ግን 617 አኃዝ ያላቸው ቁጥሮች ተደጋግመው ይባዛሉ።

የአገራችን ባለሙያዎች በዚህ ቦታ የሚገጥማቸው ችግር ከላይብረሪው ሳይሆን ከፊደሉ የሚመጣ ነው። ላይብረሪው ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ባይት ብቻ ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የጽሑፍ አቀማመጥ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ «ፀሐይ» የሚለው ስም 9 ባይት ነው። መረጃን በስምና በዋጋ እያጣመረ የሚጽፈው ጄሰን የተባለው አቀማመጥ በሥራ ላይ ሲውል ደግሞ፣ ፓይተንና ፒኤችፒ ካልታዘዙ በስተቀር እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በስድስት የላቲን ምልክቶች ለውጠው ይጽፉታል፣ ጃቫስክሪፕት ግን ፊደሉን እንዳለ ያስቀምጠዋል፤ እናም ያው ስም በአንዱ 18 ባይት፣ በሌላው 9 ባይት ይሆናል። በዚያ ላይ ፓይተን ከነጠላ ሰረዝና ከሁለት ነጥብ በኋላ ክፍት ቦታ ይተዋል፣ ሌሎቹ አይተዉም፤ ፒኤችፒ ደግሞ በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ያለውን ዘንባላ መስመር ሁሉ በሌላ ምልክት ያስቀድመዋል። ስለዚህ አንዱ ወገን የፈረመውን ትእዛዝ ሌላው ወገን ፈትቶ እንደገና ከጻፈው በኋላ ፊርማውን ሊያረጋግጥ ቢሞክር፣ ለዓይን ምንም ልዩነት የሌለው ጽሑፍ ፊርማው ሐሰተኛ ነው ይባላል። የሚያስቸግረው ነገር ሙከራው በእንግሊዝኛ ስሞች ሲደረግ ስሕተቱ ሁልጊዜ አለመታየቱ ነው፤ ስሙን በአማርኛ የጻፈ የመጀመሪያው ደንበኛ ሲመጣ ግን ክፍያው ይቆማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ማሳወቂያው ሲደርስ ከመፈታቱ በፊት፣ እንደመጣ ባለው የባይት ሰንሰለት ላይ ማረጋገጫውን ማስላት ነው።

የፊደሉ ነገር በዚህ አያበቃም። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለሃሽ ስሌት ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ስሞች ናቸው፤ የአንድ ሰው መዝገብ በአንዱ መሥሪያ ቤት በንጉሡ ሠ፣ በሌላው በእሳቱ ሰ ቢጻፍ አሻራዎቹን በማስተያየት ብቻ አንድ መሆናቸውን ማወቅ አይቻልም። በተለመደው አጠቃቀሙ ባለ 2,048 ቢት የአርኤስኤ ቁልፍ በአንድ ጊዜ የሚያመሰጥረው ከ245 ባይት ያልበለጠ መልእክት ነው፤ ይህ በእንግሊዝኛ 245 ፊደል፣ በአማርኛ ግን 81 ፊደል ብቻ ነው፣ ስለሆነም መልእክቱን መቆራረጥ ወይም በኤኢኤስ አመስጥሮ ቁልፉን ብቻ በአርኤስኤ መሸፈን ግድ ይላል። የይለፍ ቃልን ለማስቀመጥ በፒኤችፒ ዘንድ የተለመደው ቢክሪፕት ደግሞ ከ72 ባይት በላይ ያለውን አይመለከትም፤ የይለፍ ቃሉን በአማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር ያደረገ ጠንቃቃ ሰው ከ24ኛው ፊደል በኋላ የጻፈው ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ስለ ይለፍ ቃል ከተነሣ አይቀር ፍጥነት በሁለት በኩል የተሳለ መሆኑን መግለጽ ያስፈልጋል። ላይብረሪው ለፕሮግራመሩ እንደሚፈጥን ለአጥቂውም ይፈጥናል። አንዳንድ ባለሙያዎች የመታወቂያ ቁጥርን በሻ-256 ለውጦ ማስቀመጥ ቁጥሩን የሚሰውረው ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ሊሆን የሚችለው ሁሉ አንድ ትሪሊዮን ነው፣ የዛሬ የግራፊክስ ካርድ ደግሞ በሰከንድ ቢሊዮኖች የሻ-256 ስሌቶችን ስለሚሠራ ሁሉንም ሞክሮ ለመጨረስ ደቂቃዎች ይበቁታል። ለዚህ ነው ቢክሪፕትና በ2015 (እ.ኤ.አ.) የይለፍ ቃል ስልቶችን ውድድር ያሸነፈው አርጎን2 ሆን ተብለው የዘገዩ ሆነው የተቀየሱት፤ በፈጣን ላይብረሪ መሠራታቸውም የሚጠቅመው አጥቂው ከተከላካዩ የበለጠ ፈጣን ኮድ እንዳይኖረው ነው።

ምስጠራ ምን ሊሠራ ይችል እንደነበር ለከተማው ነዋሪ በግልጽ የሚያሳየው ግን የኮንዶሚኒየም ዕጣ ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ25,491 ቤቶችን ዕጣ፣ ማለትም የ18,648 ባለ 20/80 እና የ6,843 ባለ 40/60 ቤቶችን፣ በኮምፒዩተር አወጣ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን በዕጣው መካተት የማይገባቸው ሰዎች መረጃ ወደ ሲስተሙ መግባቱን አስታውቆ ውጤቱን ሰረዘ፣ ዕጣውም በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ዓመታት የቆጠቡ ቤተሰቦች በመጀመሪያው ቀን ተደስተው በሳምንቱ ያዘኑበት ይህ ክስተት ብዙ የተባለበት ቢሆንም፣ የተባለው አብዛኛው ስለ ሰዎች ጥፋትና ስለ ቅጣት ነበር፤ የቆጣቢዎቹ ዝርዝር ከሚቆጥቡበት ባንክ ወጥቶ ዕጣ ማውጫው ማሽን እስኪደርስ ሳይለወጥ መቆየቱ በምን ሊረጋገጥ ይችል ነበር የሚለው ብዙ አልተነገረለትም።

አሠራሩ የረቀቀ አይደለም። ባንኩ የብቁ ቆጣቢዎችን ዝርዝር ሲያስረክብ በግል ቁልፉ ይፈርምበታል፤ ተቀባዩ ዕጣውን ከማስጀመሩ በፊት ፊርማውን በባንኩ ይፋዊ ቁልፍ ያረጋግጣል፣ አንድ ስም እንኳ ተጨምሮ ቢሆን ማረጋገጫው ይወድቃል። ቀጥሎ የዝርዝሩ ሻ-256 አሻራ፣ ማለትም 64ቱ ምልክቶች፣ ከዕጣው ቀን በፊት በጋዜጣ ይታተማል፤ አሻራው የማንንም ስም አይገልጥም፣ በኋላ ግን ታዛቢዎች ዝርዝሩን ተቀብለው ስሌቱን ሲደግሙ ተመሳሳዩ ካልወጣ መቀየሩ ይታወቃል። የዕጣው መነሻ ቁጥርም ከዚህ ኅትመት በኋላ በሕዝብ ፊት ተመርጦ፣ በእርሱና በእያንዳንዱ የምዝገባ ቁጥር ላይ ኤችማክ ይሰላል፤ ውጤቱ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደር ከላይ ያሉት ባለዕድል ይሆናሉ። በፓይተን ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ አያልፍም፤ መቶ ሺህ ተወዳዳሪ ቢኖር እንኳ ስሌቱን ከሥር የሚሠራው ላይብረሪ በተራ ላፕቶፕ ላይ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል፣ ስለዚህም ዕጣውን እንደገና አስልቶ ማጣራት ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ የተተወ ሥራ መሆኑ ይቀራል።

እዚህ ላይ የስክሪፕት ቋንቋዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት ወጥመድ አለ። በፓይተንም ሆነ በፒኤችፒ እንደ ዘፈቀደ ቁጥር ማውጫ በቅድሚያ የሚገኘው መሣሪያ ሁለት የጃፓን ሊቃውንት በ1997 (እ.ኤ.አ.) ባዘጋጁት መርሰን ትዊስተር በሚባል ስልት የሚሠራ ነው፤ ለጨዋታና ለሳይንስ ሙከራ መልካም ቢሆንም፣ በተከታታይ ያወጣቸውን 624 ባለ 32 ቢት ቁጥሮች ያየ ሰው ቀጥሎ የሚያወጣውን ሁሉ መተንበይ ይችላል። ለዕጣ፣ ለቁልፍና በአጭር መልእክት ለሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር የሚያገለግለው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚቀዳው ሌላው ማውጫ ነው፤ ሁለቱም በአንድ መስመር የሚጠሩ በመሆናቸው ኮዱን በጥሞና ያላነበበ መርማሪ ልዩነቱን አያስተውለውም።

የታወቀ ላይብረሪ መጠቀም ከስሕተት ሁሉ ያድናል ማለት ግን አይደለም። መጋቢት 2012 በወጣው የኦፕንኤስኤስኤል እትም ውስጥ የገባና እስከ ሚያዝያ 2014 (እ.ኤ.አ.) ሳይገለጥ የቆየው ሃርትብሊድ የተባለ ስሕተት፣ የሚላከውን የመረጃ ርዝመት ካለመመርመር የመነጨ ሆኖ ማንኛውም ሰው ከሰርቨሩ ማህደረ ትውስታ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት እንዲቀዳ ፈቅዶ ነበር። ሲ ቋንቋ ፍጥነቱን የሚያገኘው እንዲህ ያለውን ምርመራ ለጸሐፊው በመተው ስለሆነ፣ የፓይተኑ ታዋቂ የክሪፕቶግራፊ ላይብረሪ ከየካቲት 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከፊሉን ይህን ስሕተት በተፈጥሮው ወደሚከለክለው ወደ ረስት ማዛወር ጀመረ፤ ኮዱን ራሳቸው ኮምፓይል ያደርጉ የነበሩ ብዙ ተጠቃሚዎች በዚያ ሰሞን ግንባታው እምቢ ብሏቸው ተቸግረዋል። ከበይነመረብ በተለየ ሰርቨር ላይ ለሚሠሩ የባንክ ባለሙያዎች ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ለማሽናቸው ዓይነት አስቀድሞ ኮምፓይል የሆነውን ፓኬጅ ከነፊርማው ይዘው መግባት አለባቸው።

ከዚህ የባሰው የተተወ ላይብረሪ ነው። ለዓመታት የፒኤችፒ መምህራን ያስተማሩት ኤምክሪፕት ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጠባቂ አጥቶ ቆይቶ ሊብሶዲየም በገባበት በዚያው 7.2 እትም ከቋንቋው ወጥቷል፤ ፓይክሪፕቶ የተባለውም የፓይተን ላይብረሪ ከጥቅምት 2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አዲስ እትም አላወጣም፣ ከዚያም በኋላ አደገኛ ስሕተት ተገኝቶበታል። በምትኩ የመጣው ፓይክሪፕቶዶም የድሮውን ኮድ በአብዛኛው እንዳለ እንዲያሠራ ሆኖ ስለተዘጋጀ መለወጡ ያን ያህል አይከብድም። የድሮው የማስተማሪያ ጽሑፍ ግን ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን አላቆመም፤ ላይብረሪው ሲሞት መመሪያው አብሮ አይሞትም።

በሕግ በኩል መሠረቱ ተጥሏል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለዲጂታል ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቶ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን የሥር የምስክር ወረቀት ሰጪ አድርጎታል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተከትለዋል። ላይብረሪዎቹም በነጻ የሚገኙና ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነ ናቸው። ስለዚህ ሶፍትዌር የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ሁሉ በውሉ ውስጥ የትኛው ላይብረሪ፣ በየትኛው እትሙ ሥራ ላይ እንደዋለና ማን እንደሚያድሰው ተጽፎ እንዲቀርብለት ይጠይቅ፤ የከተማው አስተዳደርም ቀጣዩን የቤት ዕጣ ከማውጣቱ በፊት ዝርዝሩን ባንኩ እንዲፈርምበት ያድርግ፣ የዝርዝሩንም ሻ-256 አሻራ ከዕጣው ቀን አስቀድሞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ያውጣ።